ፒዛ ቤት ውስጥ ራፐር ያገኘችው ሲልቪያ ሮቢንሰን

ዛሬ በስልካችን የምንሰማው ራፕ ሁሉ ከአንድ ዘፈን መጣ ማለት ማጋነን ነው። ዓለምን ያዳረሰው የመጀመሪያው የራፕ ሸክላ የቱ ነው ከተባለ ግን መልሱ «ራፐርስ ዲላይት» ነው። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ የብሮንክስ ጎረምሳ አልነበረም። ዕድሜዋ ከ40 ያለፈ፣ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፦ ሲልቪያ ሮቢንሰን።

ሲልቪያ የተወለደችው ኒውዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ከቨርጂን ደሴቶች ከመጡ ወላጆች ነው። ገና በ14 ዓመቷ «ሊትል ሲልቪያ» ተብላ ሸክላ አስቀረጸች። ጊታር ካስተማራት ከሚኪ ቤከር ጋር የተጫወተችው «ላቭ ኢዝ ስትሬንጅ» በ1957 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ነው) የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ። «ደርቲ ዳንሲንግ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ባል መጣ፣ ልጆች መጡ፣ ኑሮ ወደ ኒው ጀርሲዋ ኢንግልዉድ ዞረ። እሷና ባሏ ጆ እዚያ ስቱዲዮ ከፍተው «ኦል ፕላቲነም» የሚባል ኩባንያ አቋቋሙ። «ፒሎ ቶክ»ን ለአል ግሪን ብትሰጠው ከሃይማኖቴ ጋር አይሄድም ብሎ መለሰላት። ራሷ ዘፈነችው፤ በ1973 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሴት ፕሮዲውሰር በጣት በምትቆጠርበት ዘመን ማለት ነው።

በ70ዎቹ መጨረሻ ግን ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገባ። በ1979 ሲልቪያ ሃርለም ውስጥ አንድ ክለብ ሄደች። ዲጄው ላቭባግ ስታርስኪ በሙዚቃው ላይ እያወራ፣ ሕዝቡም እየተቀበለው ይጨፍራል። ራፕ ያኔ የጭፈራ ቤትና የሰፈር ነገር ነው፤ በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ ሸክላ ይሆናል ብሎ ያሰበ እምብዛም አልነበረም። ውስጡ ያሉት ልጆች ያላዩትን ከውጭ የመጣችው እናት አየችው።

ራፐር ፍለጋው ቀልድ ይመስላል። ኢንግልዉድ ውስጥ ፒዛ ቤት የሚሠራው ቢግ ባንክ ሃንክ ከሥራው ወጥቶ ደጅ የቆመ መኪና ውስጥ ተፈተነ። ሁለት ሌሎች ወጣቶችም እዚያው ሞከሩ። ማንን ትምረጥ? ሦስቱንም ወሰደቻቸው፣ በቃ። ስማቸው «ሹገርሂል ጋንግ» ተባለ፤ ሹገር ሂል የሃርለም ሰፈር ነው። ሳምፕለር በሌለበት ጊዜ ሙዚቀኞቹ የ«ሺክ»ን «ጉድ ታይምስ» ምት ሳያቋርጡ ደጋግመው ተጫወቱ፤ ልጆቹ ላዩ ላይ ራፕ አደረጉ። ወደ 15 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን ሆነ።

እዚህ ላይ ግን መራራው ነገር አለ። ሃንክ ያንበለበለው ግጥም የራሱ አልነበረም፤ የብሮንክሱ ግራንድማስተር ካዝ ደብተር ላይ የነበረ ነው። የካዝ ቅጽል ስም እንኳ ፊደል በፊደል እንደተቆጠረ ሸክላው ላይ ቀርቷል። የ«ሺክ» ሰዎች በሕግ እናስጠይቃለን ሲሉ ስማቸው በደራሲነት ገባ። ካዝ ግን ስሙም አልተጻፈ፣ ክፍያም አላገኘ። እንደኔ እንደኔ የሲልቪያ ታሪክ ያለዚህ ደብተር ግማሽ ነው።

ጆሮዋን ግን ማንም አይክድም። በ1982 «ዘ ሜሴጅ»ን ስታመጣ እነ ግራንድማስተር ፍላሽ አልፈለጉትም። ሰው ለመዝናናት ነው የሚመጣው፣ የድህነት ወሬ ማን ይሰማል? እሷ አልተመለሰችም። ዱክ ቡቲና ሜሊ ሜል ሠሩት፤ ፍላሽ ስሙ ሸክላው ላይ ቢኖርም ቀረጻው ውስጥ የለም። ራፕ ስለ ጭፈራ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰፈር ችግርም እንደሚናገር ብዙው ሰው የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍላሽ ብዙም ሳይቆይ በክፍያ ጉዳይ ተካሶ ወጣ። ሌሎችም ገንዘባችን የት ገባ እያሉ ያማርሩ ነበር። እነ ዴፍ ጃም ሲመጡ «ሹገር ሂል ሬከርድስ» ተዳከመ፤ በ80ዎቹ አጋማሽም ተዘጋ። የኢንግልዉዱ ስቱዲዮ በ2002 በእሳት ወደመ። በዚያው ዓመት «ዘ ሜሴጅ» በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከሚጠበቁ ቅጂዎች መዝገብ ገባ፤ ከሂፕ ሆፕ የመጀመሪያው ነው።

ሲልቪያ በ2011 መስከረም ወር ላይ በልብ ሕመም አረፈች። የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ስሟን ያስገባው በ2022 ነው፣ ከሞተች ከ11 ዓመት በኋላ።