ክላራ ባርተን፦ ከጠመኔ ወደ ፋሻ

ሰሞኑን ከእራት በኋላ መኝታ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ጓደኛችን ጥቂት ዓመታት ካስተማረ በኋላ ነርስነት ለመማር እንደሚያስብ ነገረን። ግማሾቻችን ሳቅንበት፤ ሠላሳውን አልፎ ከልጆች እኩል ደብተር ይዞ ሊቀመጥ ነው ወይ ብለን። የቀረነው ግን ዝም አልን። እውነቱን እንናገር ካልን ሁላችንም ወደ ማሠልጠኛው የመጣነው መምህርነትን ከልጅነታችን ስንመኝ ኖረን አይደለም፤ የፈተና ውጤታችን የወሰነልንም አለን። ታዲያ በሃያ ዓመት የተያዘ ሥራ እስከ ጡረታ ይዞን ይዘልቃል ማለት ነው? ነገሩ ስለከነከነን፣ በመምህርነት ጀምራ በአርባ ዓመቷ የቁስለኛ አስታማሚ የሆነችውን የክላራ ባርተንን ሕይወት ለአንባብያን አቀረብን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክላራ በ1821 በአሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ኖርዝ ኦክስፎርድ በተባለ ቦታ ተወለደች። የቤቱ አምስተኛና የመጨረሻ ልጅ ስትሆን እጅግ ዓይናፋር ነበረች። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ዴቪድ ከጎተራ ጣራ ላይ ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። እሷም መድኃኒት እየሰጠች፣ የዚያን ዘመን ሐኪሞች ደም እንዲመጡ ያዘዟቸውን አልቅቶች ሳይቀር በእጇ እያስቀመጠች ሁለት ዓመት ያህል አስታመመችው፤ ዳነላት። የነርስነቷ ዘር ያኔ ተዘራ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ግን ቶሎ ባንደመድም ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ እንጀራዋን የበላችው በሌላ ሥራ ነውና።

በአሥራ ሰባት ዓመቷ የመምህርነት ምስክር ወረቀት አገኘች። የመጀመሪያ ክፍሏ ውስጥ በጉልበት የሚበልጧት ጎረምሶች ነበሩ። ክላራ ዱላ በማንሣት ፋንታ በዕረፍት ሰዓት ሜዳ ወጥታ አብራቸው ትጫወት ጀመር። ልጆቹም ተገዙላት። (የክፍል አስተዳደር ትምህርት ላይ ይህን ብናነሣ መምህራችን ደስ የሚላቸው ይመስለናል።)

በ1852 ኒው ጀርዚ ውስጥ ወዳለችው ቦርደንታውን ሄደች። በከተማዋ ነፃ ትምህርት ቤት ስላልነበረ መክፈል የማይችሉ ልጆች መንገድ ላይ ይውሉ ነበር። ክላራ ያለ ደመወዝ ላስተምራቸው ብላ ስድስት ልጆች ይዛ ጀመረች። ብዙ ሳይቆይ ተማሪዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ፤ የከተማው ሰው ትልቅ ሕንፃ ሠራ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን አስተዳዳሪዎቹ ለሴት ይከብዳል ብለው ወንድ ርእሰ መምህር ሾሙባት፤ ደመወዙም ከእሷ ደመወዝ ከእጥፍ በላይ ነበር። ይህን ስናነብ ደማችን ፈላ። ክላራ ታመመች፣ ድምፅዋ ተዘጋ፤ በ1854 ሥራውን ለቀቀች። መምህር ድምፁ ሲጠፋ ምን ይቀረዋል?

ወደ ዋሽንግተን ሄዳ የፈጠራ ሥራዎች በሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነች። እዚያም ሴት በመሆኗ አልተመቻትም፤ በ1857 ከሥራ ተሰናብታ ወደ አገር ቤት ተመለሰች፣ በኋላም እንደገና ተጠራች። እንግዲህ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፣ ሥራዋ ወረቀት መገልበጥ ነው።

በሚያዝያ 1861 የእርስ በርሱ ጦርነት ፈነዳ። ከማሳቹሴትስ የመጡ ወታደሮች ባልቲሞር ላይ በሕዝብ ተደብድበው፣ ጓዛቸው ጠፍቶባቸው ዋሽንግተን ደረሱ። ክላራ ልታያቸው ብትሄድ አንዳንዶቹ ያስተማረቻቸው ልጆች ሆነው ተገኙ! ምግብ፣ መሐረብ፣ መርፌና ክር እየሰበሰበች ታድላቸው ጀመር። ነርስነቷ እንዲህ ጀመረ፤ ማንም አልቀጠራትም። በዚያ ጦርነት የሰሜኑን ጦር ነርሶች የምትመለምለው ዶሮቴያ ዲክስ በ1862 ያወጣችው መመሪያ ከሠላሳ አምስት እስከ አምሳ ዓመት ያሉትን ብቻ የሚቀበል እንደነበረ ስናነብ ገረመን። ሠላሳውን አለፈ ብለን የሳቅንበት ጓደኛችን ለዚያ ገና ልጅ ነበር። ዲክስ ራሷም የቀድሞ መምህርት ነበረች። ክላራ ግን በእሷ ሥር ሳትገባ ለብቻዋ ነው የሠራችው።

በነሐሴ 1862 ወደ ጦር ግንባር ለመሄድ ፈቃድ አገኘች። በመስከረም 17 ቀን አንቲተም ላይ በተደረገው ውጊያ በጋሪ ዕቃ ጭና ስትደርስ፣ ሐኪሞቹ ፋሻ አልቆባቸው ቁስል በበቆሎ ቅጠል ይሸፍኑ ነበር። ፋሻውን አራገፈችላቸው። ሲመሽ ደግሞ ፋኖስ አወጣች፤ ሐኪም በጨለማ አይሠራምና ማሰቧ አስደነቀን። ለአንድ ቁስለኛ ውሃ ስታጠጣ ጥይት የልብሷን እጅጌ በስቶ አለፈና ሰውየውን ገደለው። ሌላው ወታደር ጉንጩ ውስጥ የቀረውን ጥይት እንድታወጣለት ለመናት፤ በሰንጢ አወጣችለት።

ያልተማረች ሰው ይህን ማድረጓን ዛሬ ማንም አይፈቅድም፣ ባይፈቅድም ልክ ነው። በናይቲንጌል ሥርዓት የሚመሩ የነርስ ትምህርት ቤቶች አሜሪካ ውስጥ የተከፈቱት በ1873 ነው። የኛ ጓደኛ እንግዲህ በሰንጢ አያመልጥም፤ ዓመታት ቁጭ ብሎ መማር፣ ፈተናውንም ማለፍ አለበት። ክላራ የነበራት ምስክር ወረቀት የመምህርነት ብቻ ነበር። ስም መያዝ፣ ዕቃ ቆጥሮ ማዘጋጀት፣ በጫጫታ መሐል አለመደናገጥ፦ እነዚህን ግን ከክፍልና ከመዝገብ ቤት ይዛ መጥታለች ብለን እናስባለን። ከጦርነቱ በኋላም ልጆቻቸው የጠፉባቸው ቤተሰቦች የጻፉላትን ከ63,000 በላይ ደብዳቤ ከረዳቶቿ ጋር መልሳ ከ22,000 በላይ ሰዎች የደረሱበት እንዲታወቅ አድርጋለች። ወረቀት መገልበጡም በከንቱ አልቀረም።

ከተማ ለከተማ እየዞረች ስለ ጦርነቱ ስትናገር በ1868 ድምፅዋ ዳግመኛ ተዘጋ። ለማገገም አውሮፓ ብትሄድ ጄኔቭ ላይ ከቀይ መስቀል ሰዎች ጋር ተገናኘች። ተመልሳም በ1881፣ በአምሳ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የአሜሪካን ቀይ መስቀል መሠረተች። በ1900 ማዕበል ያወደማትን ጋልቬስተንን ለመርዳት ስትሄድ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነበር። ጉድለትም ነበረባት፤ ሥልጣን ማካፈል አትወድም፣ የገንዘብ አያያዟም ወቀሳ አስነሥቶ በ1904 ከማኅበሩ መሪነት ለቀቀች።

በማግስቱ ዓመት፣ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ሳለ፣ ለተራው ሰው የመጀመሪያ እርዳታ የሚያስተምር ሌላ ማኅበር አቋቋመች። በሚያዝያ 1912 ግሌን ኤኮ በተባለ ቦታ፣ በቤቷ፣ በዘጠና ዓመቷ ዐረፈች። ጓደኛችን ረቂቁን አንብቦ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማታ ትምህርት ይኖር እንደሆነ።