ኻይም ቫይጽማን፦ ከፕሬዝዳንትነት በፊት የባክቴሪያ ተመራማሪ

እዚህ ቂርያት ጋት ልጆቻችን በትምህርት ቤት የኻይም ቫይጽማንን ስም የሚሰሙት የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ስለነበሩ ነው። እኒህን ሰው ቀድሞ ያሳወቃቸው ግን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው።

ቫይጽማን በ1874 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዛሬ ቤላሩስ በምትባለው አገር፣ ሞቶል በተባለች ትንሽ ከተማ ከእንጨት ነጋዴ ቤተሰብ ተወለዱ። በጀርመንና በስዊዘርላንድ ኬሚስትሪ ተምረው በ1899 ዶክተር ሆኑ። በ1904 እንግሊዝ አገር ማንቸስተር ሲገቡ እንግሊዝኛ በቅጡ አይችሉም ነበር፤ ሥራ የጀመሩትም በዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት ባለ አሮጌ ላቦራቶሪ ነው። በሰው አገር ያለ ቋንቋ ኑሮ መጀመር ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

በዚያ ሰው ሠራሽ ጎማ ለመሥራት ሲሞክሩ በቆሎን አብላልቶ አሴቶንና ቡታኖል የሚባሉ ፈሳሾችን የሚያወጣ ባክቴሪያ ለዩ። ነገሩ እናቶቻችን ሊጥ በእርሾ ከሚያቦኩበት ጥበብ የራቀ አይደለም። የበቆሎው ስታርች በባክቴሪያው ግድግዳ ለማለፍ በጣም ትልቅ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያው ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቆራርጥ ኤንዛይም ወደ ውጭ ይረጫል፤ ከዚያም ስኳሩን በሴል ሽፋኑ ላይ ባሉ የፕሮቲን በሮች ወደ ውስጥ ያስገባል። የእነዚህ በሮች አሠራር በጂኖቹ ተጽፏል። ሳይንቲስቶች በ2001 የባክቴሪያውን ጂኖች በሙሉ አንብበው ይፋ አድርገዋል።

በ1914 የዓለም ጦርነት ሲነሣ ብሪታንያ ለጭስ አልባ ባሩድ የሚሆን አሴቶን አጠራት። የቫይጽማን ዘዴ ወደ ፋብሪካ ገባ። በ1917 በቆሎ ሲጠፋ የእንግሊዝ ተማሪዎች ከዛፍ ሥር የማይበላ ፍሬ እየለቀሙ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ይህ ሥራ ቫይጽማንን ከታላላቅ ባለሥልጣናት ጋር ይበልጥ አቀራረባቸው። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ለወጣው የባልፎር መግለጫም ብዙ ደክመዋል።

በ1934 በረሆቮት የምርምር ተቋም መሠረቱ፤ ከ1949 ጀምሮ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። በዚያው ዓመት ፕሬዝዳንት ሆኑ። አንድ ልጃቸውን በ1942 በጦርነት አጥተዋል። እርሳቸውም በ1952 አርፈው በረሆቮት ተቀበሩ። ከተማችን ቂርያት ጋት የተቆረቆረችው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያስደንቀው ሌላ ነገር አለ። ለባሩድ ሥራ የተቀጠረው ይኸው ባክቴሪያ ቲ.ኤን.ቲ. የተባለውን ፈንጂ ወደ ሌላ ነገር መለወጥ እንደሚችል ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ አይተዋል። ቲ.ኤን.ቲ. በድሮ የጦር መሣሪያ ሥፍራዎች አፈርና ውኃ ይመርዛል። ይሁን እንጂ ባክቴሪያ ምግብ ካላገኘ አይሠራም። ብክለትን የሚያጠፉ ባክቴሪያዎችን የሚያጠኑ ሰዎች ምግብ የሚያስገቡትን የበሮቹን ጂኖች የሚመረምሩት ለዚህ ነው።

ወላጆች ሆይ፣ ረሆቮት ከቂርያት ጋት ሩቅ አይደለችም። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የሚወድ ልጅ ካላችሁ፣ በምድር ቤት ስለጀመሩት ስለ እኒህ ስደተኛ ንገሩት።