ከምንኩሉ እስከ በርሊን፤ የአለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የሕይወት ታሪክ



ከተማችን መቀሌ የዐፄ ዮሐንስ መናገሻ ስለ ነበረች፣ በመጽሔታችን የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ነገሥታትንና የጦር አለቆችን ነው። እኔ ግን ለዘንድሮው መጽሔት የመረጥሁት አንድ መምህርን ነው። እኒህ ሰው በአንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ቆይተው ኋላ በጀርመን ዋና ከተማ በበርሊን፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር በነበረው ከፍተኛ የቋንቋ ትምህርት ቤት ያስተማሩት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። የመረጥኋቸውም አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህር የኮሌጅን ትምህርት ለማስተማር የሚበቃው በምንድን ነው? በወረቀቱ ነውን? በዕድሜው ነውን? ወይስ ሌላ የሚያበቃው ነገር አለ? የአለቃ ታዬ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ይመስለኛል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልኝ።

አለቃ ታዬ በ1861 በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመነ መንግሥት፣ በበጌምድር ይፋግ በሚባለው ስፍራ ተወለዱ። ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ በዚያ ዘመን በገበያዋ የታወቀች ከተማ ነበረች። ታዬ ገና በልጅነታቸው ከትውልድ አገራቸው ርቀው ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ወደ ምጽዋ ወረዱ። በዚያ ዘመን መኪና የለም፣ የተጠረገ ጎዳና የለም። ከጎንደር ወደ ምጽዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ በቅሎውንና አህያውን እየነዳ በአድዋ በኩል የእኛን አገር አቋርጦ ሳምንታት ይጓዝ ነበር። ለአንድ ልጅ ይህ ምን ያህል የሚያስፈራ መንገድ እንደ ሆነ ካርታ ዘርግቶ የሚያይ ሁሉ ሊገምተው ይችላል።

ከምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በሚባል ስፍራ የስዊድን ሚሲዮን ያቋቋመው ትምህርት ቤት ነበር። ስዊድናውያኑ ወደ ምጽዋ የመጡት በ1866 ነው። ከባርነት ነጻ የወጡ ልጆችም፣ ከደጋው የወረዱ ልጆችም በዚያ ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱትና ትርጉማቸው በ1899 የታተመላቸው ኦኔሲሞስ ነሲብም ከዚያው ሚሲዮን ከተማሩት አንዱ ናቸው። ታዬም ከዚህ ትምህርት ቤት ገብተው የውጭውን አገር ትምህርት ቀሰሙ።

ነገር ግን ታዬ በዚህ ትምህርት ብቻ አልረኩም። ወደ አገር ውስጥ ተመልሰው ግእዝንና ቅኔን፣ የሊቃውንቱንም ትምህርት ተማሩ። እዚህ ላይ ስለ ቅኔ ቤት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአገራችን የቀድሞ ሊቃውንት መምህር የሚያወጡበት ሥርዓት በቅኔ ቤት ጐልቶ ይታያል። የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ብቻ ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃም ወደ መወድስና ወደ ዕጣነ ሞገር ይወጣል። ቀን ብቻውን ተቀምጦ የገዛ ራሱን ቅኔ ሲያሰላስል ይውላል፤ በኋላም በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ ያሰማል። ትናንት የሰማውን ቢደግም አይቆጠርለትም፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበትና። መምህሩ ስሕተቱን በጉባኤ ፊት ያርምለታል። በቂ ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ከእርሱ በታች ያሉትን ይረዳል። ራሱ መምህር ሆኖ ጉባኤ የሚዘረጋው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚህ ሥርዓት ምስክሩ ወረቀት ሳይሆን መምህሩና ጉባኤው ናቸው። አንድ ሰው በቃ የሚባለው የሰማውን ስለ ያዘ ሳይሆን ራሱ ማፍለቅና ሌላውን ማረም ስለ ቻለ ነው።

ታዬ ሁለቱን ትምህርት በአንድነት ይዘው ወደ ምንኩሉ ተመለሱና መምህር ሆኑ። በ1897ም የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በዚያው በምንኩሉ ማተሚያ ቤት ታተመ። ይህን መጽሐፍ እንደ ቀላል ነገር ማየት አይገባም። አማርኛን የሚናገር ሰው በዚያን ጊዜም እጅግ ብዙ ነበር፤ አማርኛ ለምን እንዲህ ይነገራል ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልስ ግን ጥቂት ነበር። ለምሳሌ እኛ ሰበረ፣ ተሰበረ፣ አሰበረ፣ ሰባበረ ስንል አንደናቀፍም። አንዱ ከሌላው በምን ሥርዓት እንደሚወጣ አስረዳ ብንባል ግን ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። እንዲሁም ገና የሚለው ቃል ሲጠብቅ የበዓል ስም፣ ሲላላ ያልደረሰ ነገር መግለጫ ይሆናል፤ በፊደል ግን አንድ ነው። ለተወላጁ ይህ ሁሉ ከእናቱ ጋር የተማረው ነው፤ ለባዕድ ሰው ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ነው። ሰዋስው የሚጽፍ መምህር ያን ጥያቄ ተማሪው ሳይጠይቀው ለራሱ ጠይቆ የመለሰ ሰው ነው።

በ1905 ፍሪድሪኽ ሮዘን የሚባለው የጀርመን መልእክተኛ አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። በዚህ ጊዜ ጀርመኖች በበርሊን አማርኛ የሚያስተምር ኢትዮጵያዊ ሊቅ ይፈልጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም አለቃ ታዬን ላኩላቸው። አለቃ ታዬ ያስተማሩበት ቤት የምሥራቅ ቋንቋዎች ሰሚናር ይባላል፤ የተመሠረተውም በ1887 ነው። ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ዲፕሎማቶችና አስተርጓሚዎች፣ ነጋዴዎችና የቋንቋ ተመራማሪዎች በዚያ ይማሩ ነበር። የሰሚናሩ ሥርዓት ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ለአንድ ቋንቋ ሁለት ዓይነት አስተማሪ ይመደባል። አንዱ ቋንቋውን በጥናት የሚያውቅ ጀርመናዊ ሊቅ ነው፤ ሁለተኛው የአገሩ ተወላጅ ሆኖ ሕያው አነጋገሩን የሚያስተምር ነው።

በአማርኛ በኩል ከአለቃ ታዬ ጋር የሠራው ኦይገን ሚትቮኽ የሚባል ገና ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ጀርመናዊ ምሁር ነበር። አለቃ ታዬ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከአርባ ዓመት አልፎ ነበር። ከእርሳቸው የተገኙ ሕዝባዊ የአማርኛ ጽሑፎችን ሚትቮኽ በ1907 በሰሚናሩ መጽሔት አሳተመ። እኛ በየቤታችን ሰምተን የምንተወው የሕዝብ አነጋገር በበርሊን የጥናት ጽሑፍ ሆነ ማለት ነው። ሚትቮኽ ኋላ ፕሮፌሰርና የሰሚናሩ ኀላፊ ለመሆን በቃ፤ ናዚዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላም አይሁዳዊ በመሆኑ ከአገሩ ተሰዶ በ1942 በሎንዶን ሞተ። አለቃ ታዬ በበርሊን ያስተማሩት የጀርመንን ተማሪ ብቻ ሳይሆን አብሮ የሚያስተምረውንም ምሁር ነበር ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

በውጭ አገር እንዲህ ያስተማሩ ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ መነኩሴ እዚያው ጀርመን አገር ጎታ ወደሚባለው ከተማ ተጠርተው ሂዮብ ሉዶልፍን አስተምረዋል። በአውሮፓ የግእዝና የአማርኛ ጥናት መሠረት የሆኑት የሉዶልፍ መጻሕፍት ከዚያ ትምህርት የወጡ ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 በባሕር ሰጥመው ሞቱ። በአለቃ ታዬ ዘመንም አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ በናፖሊ ከተማ በምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምሩ ነበር።

ለእኛ ለትግራይ ልጆች ደግሞ ልብ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። አለቃ ታዬ በበርሊን ሲያስተምሩ፣ በ1906 ኤኖ ሊትማን የሚባለው ጀርመናዊ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር አክሱም መጥቶ ሐውልቶቹን ይለካ፣ የድንጋዩን ጽሕፈት ይገለብጥ ነበር። የጥናታቸውም ውጤት በ1913 ታተመ። የእነርሱ ሰው ከእኛ ሊማር አክሱም ሲመጣ፣ የእኛ ሰው ሊያስተምራቸው በርሊን ሄዶ ነበር። ዕውቀት የሚጓዘው በሁለት ወገን መንገድ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አለቃ ታዬ ሦስት ዓመት ያህል በበርሊን ከቆዩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይሁን እንጂ የጠበቃቸው ዕረፍት አልነበረም። በሃይማኖት ነገር ተከሰው በቤተ ክህነት ፊት ቀረቡ፤ ታሰሩም። በባዕድ አገር የተከበሩት መምህር በገዛ አገራቸው እስረኛ ሆኑ። ከእስር ከተፈቱ በኋላ ግን ብዕራቸውን አልጣሉም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የተባለው መጽሐፋቸው በ1922 በአሥመራ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ስለ ጥንታዊው የሕዝብ አመጣጥ የጻፉትን ሁሉ የዛሬ የታሪክ ሊቃውንት አይቀበሉትም፤ ሆኖም መጽሐፉ ደጋግሞ ታትሟል፣ በ1987ም ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ በስዊድን አገር በኡፕሳላ ወጥቷል። አለቃ ታዬ በ1924 በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ ገደማ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በ1994 (በእኛ በ1986 ዓ.ም.) በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት 11ኛና 12ኛ ክፍል የመሰናዶ ትምህርት ሆኑ። ኋላም በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ይሰጥ ከነበረው ትምህርት ብዙው ወደ እነዚህ ክፍሎች ወረደ፤ አራት ዓመት ይፈጅ የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪም ባብዛኛው ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ትናንት የሁለተኛ ደረጃ መምህር የነበረው ሰው በአንድ ጊዜ የዩኒቨርሲቲን ትምህርት አስተምር ተባለ። ስለዚህ ለእነዚህ ክፍሎች መምህር ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው ተፈለገ። ብዙ መምህራንም በዓመቱ እያስተማሩ፣ ተማሪ በሚያርፍበት ክረምት ደብተራቸውን ይዘው ራሳቸው ተማሪ ሆኑ። ከ2019 ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተመልሷል፤ በመምህሩ ላይ የተጫነው የመማር ግዴታ ግን አልቀረም።

በከተማችንም በሰሜን ክፍለ ከተማ የምንኖር ተማሪዎች ይህን በዓይናችን አይተናል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ብዙዎቻችን በዕድሜያችን ልንጨርሰው የሚገባንን ክፍል ዘግይተን ነው የጀመርነው። የሚያስተምሩንም መምህራን ብዙ ወር ያለ ደመወዝ የኖሩ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ በጦርነቱ ምክንያት ያቋረጡትን የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት እንደ ገና ጀምረው፣ ማታ የእኛን ፈተና ያርማሉ፣ ሌሊት የራሳቸውን ያጠናሉ። ለዚህች ደመወዝ ምን አደከማቸው የሚሉ ሰዎች ሰምቻለሁ። እኔ ግን ድካማቸውን በክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ። ቀድሞ እንዲህ ነው ብለው ያልፉት የነበረውን ነገር ዛሬ ለምን እንዲህ እንደ ሆነ ያስረዱናል፤ መልሱን ያላገኙለትን ጥያቄም ጽፈው ይዘው በሳምንቱ ይመልሱልናል።

የአለቃ ታዬም ታሪክ የሚያስተምረኝ ይህንኑ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከአዲስ አበባ ገበያ ማንኛውም ሰው ተመርጦ ወደ በርሊን ሊሄድ ይችል ነበር። እርሳቸውን ያበቃቸው የሚያውቁትን ነገር ፈትተው ከሥሩ መርምረው በመጽሐፍ ማስቀመጣቸው ነው፤ መምህር ከሆኑም በኋላ መማርን አለመተዋቸው ነው። ወረቀት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ወላጅ ልጁን የሚሰጠው ለማያውቀው ሰው ስለ ሆነ፣ ዲግሪው የጉባኤውን ምስክርነት ተክቶ ይቆማል። ነገር ግን ምስክርነቱ እውነተኛ የሚሆነው ከወረቀቱ በስተኋላ የቅኔ ቤቱ ዓይነት ትጋት ሲኖር ነው።

ወላጆቼ ሐኪም እንድሆን ይመኛሉ። እኔ ደግሞ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ስፈጽም ለመምህርነት ለመማር አስቤአለሁ። መምህርነት ሌላ ሥራ ያጣ ሰው የሚገባበት ነው የሚሉ ብዙዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እናትና አባቴም የሚፈሩልኝ ይህንኑ ነው። ሐኪሙንም መሐንዲሱንም የሚያወጣው መምህር ከሆነ ግን፣ በትምህርታቸው ብርቱ የሆኑት ልጆች ሁሉ ከዚህ ሥራ ከሸሹ ነገ ታናናሾቻችንን ማን ያስተምራቸዋል? ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ መምህር ልሁን ቢላችሁ አትዘኑበት፤ ምን ያህል ለመማር እንደ ቈረጠ ግን ጠይቁት። ጓደኞቼ ሆይ፣ እናንተም ይህን ሥራ የምትመርጡ ከሆነ፣ ከምረቃ ቀን በኋላ ብዙ ዘመን ተማሪ ሆናችሁ ለመኖር ተዘጋጁ።