የጎደለውን ቃል ፍለጋ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተነጥቀው ከገዢ ወደ ገዢ ተላለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1870 ዓ.ም. በምጽዋ ነፃ ወጡ። በዚያው አቅራቢያ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ተምረው በ1872 ተጠመቁ፤ በስዊድን አገርም ትምህርታቸውን ቀጠሉ።

ወንጌልን ይዘው ወደ ትውልድ አገራቸው ለመግባት ያደረጉት ጉዞ ሳይሳካ ሲቀር፣ ብዕርን እንደ አደራ ተቀብለው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም ተነሡ። ሆኖም በልጅነታቸው ከወገን ተለይተው ያደጉ በመሆናቸው፣ ለተርጓሚ ዋነኛ መሣሪያ የሆነው የቃላት ሀብት አልተሟላላቸውም ነበር። ስለዚህ ጉድለታቸውን ሳይሸሽጉ የሚያውቅ ሰው ፈለጉ። እንደርሳቸው ከባርነት ነፃ የወጡት አስቴር ጋኖ ቃላትን፣ ተረቶችንና ዘፈኖችን እየሰበሰቡ ረዱአቸው። አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ በ1894 ሁለቱ በጋራ ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ ተከተለ። በ1899 ደግሞ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በስዊዘርላንድ ለኅትመት በቃ።

ኦነሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት ሲያስተምሩ ኖሩ፤ በ1931 ዐረፉ። በሙያችን ብዙዎቻችን ዕውቀታችን እስኪሟላ እያልን ሥራን እናሳድራለን። እርሳቸው ግን ጥሪያቸውን የጀመሩት ጉድለታቸውን ይዘው ነው፤ የፈጸሙትም የጎደላቸውን ቃል ከሌላው ለመጠየቅ ስላላፈሩ ነው።