ጆሞ ኬንያታ፦ ከመሪነት በፊት የመስክ ጥናት ተማሪ

የኬንያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ስማቸው ሲነሳ በቅድሚያ የሚታወሰው ለሀገራቸው ነፃነት ያደረጉት ትግልና የደረሰባቸው እስራት ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ኬንያታ የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ነበሩ። በለንደን የቀሰሙት የመስክ ጥናት ስልትም ሕዝባቸው ከቅኝ ገዥዎች ጋር ላካሄደው የመሬት ሙግት አንድ መሣሪያ ሆኗቸዋል።

ኬንያታ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ከናይሮቢ በስተሰሜን በምትገኘው ጋቱንዱ የተወለዱ ሲሆን ትክክለኛ የልደት ቀናቸው አልተመዘገበም። በልጅነት ስማቸው ካማው ይባሉ ነበር። መድኃኒት አዋቂ የነበሩትን አያታቸውን እየተከተሉና ከረጢታቸውን እየተሸከሙ በየመንደሩ ሲዘዋወሩ የኪኩዩ ሕዝብን ሥርዓትና እምነት በቅርብ የማየት ዕድል አግኝተዋል። ዘመናዊ ትምህርት የጀመሩት በቶጎቶ በሚገኘው የስኮትላንድ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው።

በዚያን ዘመን የኪኩዩ ሕዝብ ትልቁ ብሶት የመሬት ጉዳይ ነበር። ለም የሆነው ደጋማ ምድር ለነጭ ሰፋሪዎች ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ በ1915 የወጣው ድንጋጌም አፍሪካውያን ይዘውት የቆዩትን መሬት ጭምር የእንግሊዝ ዘውድ ንብረት አድርጎታል። ኬንያታ እ.ኤ.አ በ1928 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1929 ደግሞ ማኅበሩ አቤቱታውን እንዲያቀርቡ ወደ ለንደን ላካቸው። በ1931 ለሁለተኛ ጊዜ ወደ እንግሊዝ ከሄዱ በኋላ ለ15 ዓመታት ወደ ሀገራቸው አልተመለሱም።

በስደት ኑሯቸው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የኪኩዩ ቋንቋን ድምፆች ለሚያጠኑ ምሁራን በመረጃ ሰጪነት ሠርተዋል። ቀደም ሲል ተጠያቂ የነበሩት ሰው ጠያቂነትን መማር የጀመሩት እ.ኤ.አ በ1935 ነው። በዚሁ ዓመት በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የፕሮፌሰር ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ተማሪ ሆኑ።

ትውልደ ፖላንዳዊው ማሊኖውስኪ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ባካሄዱት ጥናት ዝነኛ የሆኑ ምሁር ናቸው። ተመራማሪው ከሕዝቡ ጋር እንዲኖር፣ ቋንቋውን እንዲያውቅ፣ ሰዎች እናደርጋለን የሚሉትንና በተግባር የሚያደርጉትን ለይቶ እንዲመዘግብ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ጽሑፋቸውን በሴሚናር ላይ እያቀረቡ በጥያቄ ይፈተኑ ነበር።

የኬንያታ ሁኔታ ከብዙዎቹ ተማሪዎች የተለየ ነበር። ሌሎቹ ወደ ማያውቁት ሀገር ተጉዘው ባዕድ ቋንቋ ይማራሉ። እርሳቸው ግን ቋንቋውንም ኑሮውንም ከልጅነታቸው ያውቁታል፤ ሆኖም ከሀገራቸው በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆነው በዋነኛነት በትዝታቸው ላይ ተመሥርተው ለመጻፍ ተገደዋል። አብሮ አደግ የሆነውን ልማድ እንደ እንግዳ ነገር መመርመር ቀላል አይደለም። ርስቱን ማን አቀና፣ ማን ይወርሳል፣ ድንበሩ ሲተከል ምን ሥርዓት ይፈጸማል የሚሉት ጉዳዮች ለኪኩዩ ሽማግሌ የታወቁ ናቸው፤ ለእንግሊዝ ባለሥልጣን ግን በዝርዝር መጻፍ ነበረባቸው።

የጥናታቸው ውጤት እ.ኤ.አ በ1938 «በኬንያ ተራራ ፊት ለፊት» በሚል ርዕስ ታተመ። መግቢያውን የጻፉት ማሊኖውስኪ ናቸው። ጆሞ የሚለውን ስም ይዘው የወጡትም በዚሁ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ስለ ዝምድና፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ አስተዳደርና ስለ እምነት የሚተነትን ሲሆን፣ የኪኩዩ መሬት ባለቤት አልባ ሳይሆን በሕግና በሥርዓት የሚተላለፍ የቤተሰብ ርስት መሆኑን ያስረዳል።

መጽሐፉ ከነቀፋ አልዳነም። የኪኩዩን የቀድሞ ኑሮ ጉድለት የሌለበት አስመስሎ አቅርቧል፣ ተመራማሪነቱም ከጠበቃነት ጋር ተደባልቋል የሚሉ ምሁራን አሉ። ኬንያታ የሴት ልጅ ግርዛትን የማኅበረሰቡ መሠረት አድርገው መከላከላቸው ይታወቃል፤ ይኸው ድርጊት በኬንያ እ.ኤ.አ በ2011 በወጣ ሕግ በወንጀልነት ተከልክሏል። ከውስጥ የሚያይ ሰው ለውጭ ሰው የተሰወረውን የማየቱን ያህል፣ የሚወደውን ልማድ ለመመርመር ሊቸገር እንደሚችል ይህ ያመለክታል።

የተማሪነት ዘመናቸው ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ከወረረችበት ጊዜ ጋር የገጠመ ነበር። ኬንያታ እ.ኤ.አ በ1935 ለንደን ውስጥ ኢትዮጵያን ለመደገፍ በተቋቋመው የአፍሪካውያን ወዳጆች ማኅበር በጸሐፊነት አገልግለዋል፤ ወረራውን የሚቃወም ጽሑፍም አሳትመዋል።

እ.ኤ.አ በ1946 ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። በ1952 ተይዘው በተከታዩ ዓመት የሰባት ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በ1961 ነፃ ወጥተው በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በ1964 ፕሬዚዳንት ሆኑ። ነሐሴ 16 ቀን 1970 ዓ.ም በሞምባሳ ከተማ አረፉ።

ኬንያን ነፃ ያወጣት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ይሁንና ሌሎች ሲያጠኑት የነበረውን ሕዝብ ከራሱ የወጣ ተማሪ አጥንቶ ስለ ርስቱ የጻፈበት ያ ሥራ፣ ዛሬም የአንትሮፖሎጂ ተማሪዎች ከሚያነቧቸውና ከሚከራከሩባቸው መጻሕፍት አንዱ ነው።