አስም ያለበት መካኒክ እና የኪስ ካሜራ

የስልካችሁን ካሜራ ዝርዝር መረጃ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ዋናው ሌንስ ብዙ ጊዜ 24 ወይም 26 ሚሊሜትር ተብሎ ይጻፋል። እንደዚያ የሚረዝም ሌንስ ግን ቀጭን ስልክ ውስጥ አይገባም። ቁጥሩ የተሰላው ከመቶ ዓመት በፊት አንድ ጀርመናዊ መካኒክ ከመረጠው የፊልም መጠን ጋር እየተነጻጸረ ነው። ሰውዬው ኦስካር ባርናክ ይባላል።

ባርናክ እ.ኤ.አ. በ1879 ብራንደንቡርግ ውስጥ ሊኖው በምትባል መንደር ተወለደ። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ሙያውን የተማረው የሥነ ፈለክ መሣሪያ ከሚሠራ ባለሙያ ሥር ነው። በ1902 የና ከተማ በሚገኘው የዛይስ ኩባንያ ተቀጠረ።

ፎቶ ማንሳት ይወዳል፤ በእግሩ ጫካ ለጫካ መዞርም ይወዳል። ችግሩ አስም አለበት። የሚይዘው ካሜራ ደግሞ 13 በ18 ሴንቲሜትር የሆኑ የመስታወት ፕሌቶች የሚጠቀም ሣጥን ነበር። ያንን ከነማቆሚያው ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለጤነኛም ከባድ ነው። መጀመሪያ አንድ ፕሌት ላይ ብዙ ትንንሽ ፎቶ ለማንሳት ሞከረ። ሲያሳድጋቸው ግን ጥራት አጡ፤ ሐሳቡን ለጊዜው ተወው።

በ1911 ማይክሮስኮፕ ወደሚያመርተው የላይትዝ ኩባንያ፣ ወደ ዌትስላር ሄደ። እዚያ በሲኒማ ካሜራ ላይ ሲሠራ መልሱን አገኘ። 35 ሚሊሜትሩን የሲኒማ ፊልም በአግድም አስኬደው። በሲኒማ 18 በ24 ሚሊሜትር የነበረው ምስል እጥፍ ሆኖ 24 በ36 ወጣ። በትንሽ ኔጌቲቭ አንስቶ ፎቶውን በኋላ ማሳደግ ነው፤ በቃ። በ1914 እጅ ውስጥ የሚገባው ናሙና ዝግጁ ነበር።

ታዲያ ጦርነት መጣ፤ ነገሩ ቆመ። ከጦርነቱ በኋላም በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጣ። በ1924 ኩባንያው ካሜራውን ያምርት ወይስ ይተው የሚል ክርክር ተነሣ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እዚህ ጋ ቆም ይላል። ማይክሮስኮፕ የሚሸጥ ድርጅት ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ገበያው በማያውቀው ዕቃ ላይ ያውላል? ብዙዎቹ አይሆንም አሉ። ባለቤቱ ኤርንስት ላይትዝ ግን ሁሉንም ሰምቶ ይመረት ብሎ ወሰነ። ካሜራው ከተሳካ በዚያ ክፉ ጊዜ ለሠራተኞቹ ሥራ ይሆናል የሚል ተስፋም ነበረው።

ማክስ ቤሬክ ሌንሱን ነደፈ፤ ካሜራው ላይካ ተባለና በ1925 ላይፕዚግ ባዛር ላይ ቀረበ። ስሙ የላይትዝና የካሜራ መነሻ ፊደላት ናቸው። ከዚያ በኋላ ፎቶ አንሺው ማቆሚያ ተሸክሞ ሰው ቀጥ በሉ ማለቱን ትቶ መንገድ ላይ ወጣ። እነ ካርቲየር ብሬሶን ታዋቂ የሆኑት በዚህ ካሜራ ነው።

ባርናክ በጥር 1936 በ56 ዓመቱ ሞተ። ራሱ ይጠቀምበት የነበረ አንድ ካሜራ በ2022 ዌትስላር ላይ በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጧል። የላይካን ስም ዛሬ አንዳንድ የሻኦሚ ስልኮች ጀርባ ላይ ታገኙታላችሁ። ሰውዬው ሲጀምር ግን የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ ትንፋሽ ሳያጥረው ዳገቱን ወጥቶ ፎቶ ማንሳት።