ፍሬዴሪክ ዦሊዮ-ኩሪና የአቶም ኃይል ኮሚሽን

በ1900 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተወለዱት ሊቅ ፍሬዴሪክ ዦሊዮ-ኩሪ ከባለቤታቸው ከኢሬን ጋር በ1935 በኬሚስትሪ የኖቤል ተሸላሚ ሆኑ። በ1945 የፈረንሳይ መንግሥት የአቶም ኃይል ኮሚሽንን ሲያቋቁም ሥልጣኑን ለሁለት ከፈለው፤ ምርምሩን ዦሊዮ-ኩሪ፣ አስተዳደሩንና ገንዘቡን ደግሞ ራውል ዶትሪ እንዲመሩ አደረገ። በዚህም ሥርዐት ዞኤ የተባለችው የአገሪቱ የመጀመሪያ ሪአክተር በዲሴምበር 1948 ሥራ ጀመረች። ይሁን እንጂ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል የነበሩት ሊቅ ዕውቀታቸውን በሶቪየት ኅብረት ላይ ለሚቃጣ ጦርነት እንደማያውሉ በይፋ በማስታወቃቸው በኤፕሪል 1950 ከሥልጣናቸው ተሻሩ። ያስሻራቸው የሒሳብ ጉድለት ሳይሆን አቋማቸው ነበር። በ1958 ካረፉ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ያደራጁት ኮሚሽን የሠራው የፈረንሳይ የመጀመሪያ የአቶም ቦምብ በሰሐራ በረሓ ፈነዳ። ገንዘቡን የሰጠው መንግሥት የምርምሩንም ግብ ወሰነ።